ክሊራንሱን ብቻችሁን አትዙሩ

ሥራ የለቀቀ ሁሉ ክሊራንስ የምትባለውን ወረቀት ያውቃታል። መጋዘን፣ ካዝና፣ ጥበቃ እያሉ ሲያስፈርሙ ውለው በመጨረሻ ሒሳብ ክፍል ይደረሳል። አንድ ሆቴል አብራኝ ትሠራ የነበረች አስተናጋጅ እዚያ ስትደርስ ዝርዝር ጠበቃት፦ የተሰበረ ብርጭቆ፣ ዩኒፎርም፣ «የኅዳር ጉድለት»። ብርጭቆውን ማን ሰበረው? ጉድለቱን ማን ቆጠረው? የሚነግራት አልነበረም። «ፈርሚና የሥራ ልምድሽን ውሰጂ» አሏት። ፈረመች። እኛ ደረጃው ሥር ቆመን «አይዞሽ» አልናት፤ ከዚያ ወደየሥራችን ተመለስን።

ያ «አይዞሽ» ዛሬም ይቆጠቁጠኛል።

ዕዳ ያለበት አይክፈል አንልም። የተበደረ ይመልስ፣ ንብረት የያዘ ያስረክብ። በራሱ ጥፋት ሳያስረክብ የቆየ ሠራተኛ ክፍያው ቢዘገይበት ሕጉም አያዝንለትም። አሠሪው ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ምስክር፣ ራሱ ዳኛ ሆኖ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም ግን ዝም አንልም!

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከጎናችን ነው። በአንቀጽ 59 መሠረት ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልፈቀደ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ ደመወዝ አይቆረጥም። ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ሲሶ አያልፍም፤ 6,000 ብር ለሚከፈለው ጣሪያው 2,000 ብር ነው። ውል ሲቋረጥ ቀሪ ደመወዝና ተያያዥ ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት፤ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። በመጠኑ ላይ ክርክር ቢነሳ እንኳ ያላከራከረው ገንዘብ በዚያው ጊዜ ይከፈላል። ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየን አሠሪ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ጨምሮ እንዲከፍል ሊያዝዘው ይችላል።

ታዲያ ለምን እንበላለን? ፊርማችን ቀድሞን ስለሚሄድ ነው። በቅጥር ቀን፣ ሥራ በማግኘት ደስታ፣ ሳናነብ የፈረምናት አንዲት የተቀናሽ ስምምነት ገጽ በስንብት ቀን ከመሳቢያ ትወጣለች። ደግሞም የሥራ ልምድ የፈለገ ሰው ብቻውን ጠረጴዛ ፊት ሲቆም ጉልበት አይኖረውም። የሥራ ልምዱ ግን በነፃ የሚሰጥ መብት ነው፤ መያዣ መሆን የለበትም።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ እንዲህ እናድርግ። አዲስ ተቀጣሪ ሲመጣ ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን አብረን እናንብብለት። ዕቃ ሲሰበር፣ ሒሳብ ሲጎድል በዕለቱ፣ የሚመለከተው ሠራተኛ ባለበት ይጻፍ፤ ቅጂውም በእጃችን ይግባ። በተቀናሹ ያላመነ የለቀቀ ባልደረባ ካለ፣ የተቀበለውን ገንዘብ ብቻ ጠቅሶ «በተቀናሹ አልስማማም» ብሎ ጽፎ ይፈርም። አንድ ቤት 10 ሠራተኞች ካሉን ማኅበር ማቋቋም እንችላለን፤ ማኅበር ሲኖር የኅብረት ስምምነት ላይ «ያለ ማስረጃና ያለ ሠራተኛው መልስ ተቀናሽ የለም» የሚል አንቀጽ ማስገባት ይቻላል። አሠሪው እምቢ ካለ ወደ ሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ፣ ካልሆነም ወደ ፍርድ ቤት እንሂድ። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ነገር ግን ቀን እንቁጠር፦ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በዚህ ወር ከመካከላችሁ የሚለቀው ማን ነው? ስሙን ታውቃላችሁ። የሚሄድበትን ቀን ጠይቁት፣ ፈረቃችሁን አመቻቹ። እሱ ሒሳብ ክፍል ሲገባ ደረጃው ሥር አንቅር፤ አብረነው እንግባ!