«ከበር ውጭ ነው»

በመርካቶና በአካባቢው ያሉ ኮሌጆች ለአዲስ ተማሪ የሚሰጡት የደኅንነት ትምህርት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ «መርካቶ ነው፤ ተጠንቀቁ።» ስልክ በእጃችሁ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ቦርሳችሁን ወደ ፊት አዙሩ፣ ሲመሽ ለብቻችሁ አትውጡ። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ እናትም ትመክረዋለች። ክፋቱ ተቋሙ ከምክሩ ወዲያ ምንም የማይጠበቅበት መሆኑ ነው። የተዘረፈ ተማሪ አልተጠነቀቀም ይባላል፤ ያልተጠነቀቀ ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ነው። በዚህ አካሄድ ኮሌጁ አንድም ቀን አይጠየቅም፤ ዝርፊያውም አንድም ቀን በወረቀት ላይ አይሰፍርም።

ይህ ልማድ መቅረት አለበት። ኮሌጅ በተማሪው ላይ የደረሰን ወንጀል፣ በግቢ ውስጥም ሆነ ተማሪው ታክሲ እስኪይዝ በሚሄድበት መንገድ ላይ፣ የመመዝገብና ለሌሎቹ ተማሪዎች የማሳወቅ ግዴታ ሊኖርበት ይገባል።

በር ላይ የቆመውን ጥበቃ ተመልከቱ። መታወቂያ ያያል፣ ቦርሳ ይፈትሻል። ላፕቶፕ ይዞ የገባ ሰው የመለያ ቁጥሩን ያስመዘግባል፤ ሲወጣ ይመሳከራል። ፕሮጀክተር ወይም ወንበር ያለ መውጫ ፈቃድ ከበሩ አያልፍም። ሥራው በወጉ ይሠራል፣ መዝገብም አለው። መዝገቡ ግን የሚከታተለው ዕቃ ነው። ተማሪው ምን እንደደረሰበት የሚጻፍበት አንድ ገጽ እንኳ የለውም።

ችግሩ የሚብሰው በማታው ክፍል ነው። የማታ ተማሪ ቀኑን ሱቅ ሲሸጥ፣ ሒሳብ ሲይዝ፣ ዕቃ ሲያራግፍ የዋለ ሰው ነው። ትምህርቱ ከምሽቱ 2፡30 ገደማ ሲያበቃ የሚወጣበት መርካቶ የቀኑ መርካቶ አይደለም። ሲጋፋ የዋለው ገበያተኛ ሄዷል። የሱቁ መዝጊያ ሁሉ ወርዷል፣ መንገዱን ካርቶንና ፌስታል ሞልቶታል፣ መብራቱ እዚህ ቢኖር እዚያ የለም። ታክሲ ፍለጋ ወደ አውቶቡስ ተራ ወይም ወደ ሰባተኛ የሚወጣውን ተማሪ ማጅራት መቺ በዚህ ሰዓት ነው የሚጠብቀው። ሰዓቱን የወሰነው ኮሌጁ ነው፤ ክፍያውን የሚሰበስበውም እሱ ነው። ተማሪውን በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ ላይ ያሰማራ ተቋም «ከበር ውጭ ነው» ብሎ እጁን መታጠብ አይችልም።

በአንድ ኮሌጅ የማታ ክፍል ሳስተምር አንዲት ተማሪዬን ከበሩ ብዙም ሳትርቅ ስልኳንና ቦርሳዋን ነጠቋት። አልለቅም ብላ ስትታገል ወድቃ ክርኗ ተልጦ ነበር። በማግሥቱ ለጥበቃው ስትነግረው «እህቴ፣ ከበር ውጭ ነው» አላት። ቢሮ ስትገባ «ፖሊስ ጋ ሂጂ» አሏት። ሄደች። ይዛ የተመለሰችው ግን የጠፋ መታወቂያ ማስረጃ ነው፤ ኮሌጁ ምትክ መታወቂያ ለመስጠት የሚፈልገው ያንን ወረቀት ብቻ ነበርና። ስለዚህ በኃይል የተፈጸመ ቅሚያ በማኅደሯ ውስጥ «መታወቂያ ስለጠፋባት» ተብሎ ገባ። ሌሎችም ተማሪዎች እዚያው መታጠፊያ ላይ፣ በዚያው ሰዓት፣ በተመሳሳይ መንገድ መነጠቃቸውን ያወቅነው ክፍል ውስጥ እርስ በርስ ስንጠያየቅ ነው። የመጀመሪያው ቀን ተጽፎ በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ቢሆን ቀጣዮቹ በሌላ መንገድ ይሄዱ ነበር።

«ይህ የፖሊስ ሥራ ነው» የሚል መልስ ሁልጊዜ ይሰማል። ፖሊስ ያልተነገረውን ከየት ያውቃል? በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 11 ለማንም ሰው፣ ወንጀሉ ሲፈጸም በዓይኑ ባያይም እንኳ፣ የማመልከት መብት ሰጥቶታል። ስለዚህ የኮሌጁ ዲን ራሱ ማመልከት ይችላል፤ ተማሪዋን ብቻዋን መላክ አያስፈልገውም። አንቀጽ 14 ማመልከቻው በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ለአመልካቹ እንዲነበብለትና እንዲፈርምበት ያዛል። በዚሁ ሕግ መርማሪው ፖሊስ የቀረበለትን አቤቱታ ቢጠራጠረው እንኳ ምርመራውን ማካሄድ አለበት። የጎደለው ሌላ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 443 የማሳወቅ ግዴታ የሚጥለው በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት በሚያስቀጡ ወንጀሎች ላይና በሕግ ወይም በሙያ ደንብ የማሳወቅ ግዴታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ነው። ለሌላው ሁሉ ኮሌጁ መብት እንጂ ግዴታ የለበትም። መብቱን ደግሞ አይጠቀምበትም።

ምክንያቱም ይታወቃል፤ ስም ይጠፋል። ተወዳዳሪው ኮሌጅ ተማሪ ይወስድብናል፣ ወላጅ ይፈራል ይባላል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው አባባል በየቢሮው መመሪያ ሆኖ ይሠራል። ሴት ተማሪዎችን የሚመለከተው ነገር ሲሆን ዝምታው ይብሳል። በሕዝብ መሀል የሚደርስባቸው ጉንተላና ለከፋ ከነጭራሹ እንደ ጥፋት አይቆጠርም። ከዚያ የከፋው ደግሞ ሽማግሌ ተልኮ፣ ይቅርታ ተጠይቆ፣ «ለስሟም አይበጅም» ተብሎ ይዘጋል። አስገድዶ መድፈር በሽምግልና የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ስሟን መጠበቅ ከተፈለገ መዝገቡ ስም አያስፈልገውም፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የወንጀሉ ዓይነትና ለፖሊስ መነገር አለመነገሩ ከተጻፈ ይበቃል።

ከበር ውጭ ያለውን ያልቆጠረ ተቋም የት እንደሚያደርስ አገራችን በከባድ ዋጋ አይታዋለች። ተማሪዋ ሐና ላላንጎ በ2007 ዓ.ም. የተጠለፈችው ከትምህርት ቤት ስትመለስ በተሳፈረችበት ታክሲ ነው። በ2012 ዓ.ም. የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የታገቱት በመንገድ ላይ ነው። ስንት እንደሆኑ እንኳ ከየአቅጣጫው የተለያየ ቁጥር ይነገር ነበር። መንግሥት 21 ተማሪዎች ተለቀዋል ሲል ወላጆች ልጆቻችንን አላየንም ይሉ ነበር። ስንት ተማሪ ከግቢው እንደወጣና ስንቱ ቤቱ እንደደረሰ ሁሉም የሚያምነው አንድ መዝገብ አልነበረም።

አሜሪካኖች ኮሌጆች ወንጀልን እንዲመዘግቡና እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ ያወጡት በሐዘን ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ጂን ክሌሪ የተባለች የ19 ዓመት ተማሪ በሊሃይ ዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍሏ ውስጥ ተደፍራ ተገደለች። ወላጆቿ ሲያጣሩ ከዚያ በፊት በነበሩት 3 ዓመታት ግቢው ውስጥ 38 የኃይል ወንጀሎች ተፈጽመው ለተማሪዎች አለመነገራቸውን አወቁ። እነሱ ባደረጉት ትግል በ1990 በስሟ የሚጠራው ሕግ ወጣ። የመንግሥት የተማሪዎች ድጋፍ የሚያገኝ ኮሌጅ ሁሉ፣ ትንንሾቹ የማኅበረሰብ ኮሌጆችም ጭምር፣ የጥበቃ ክፍል ካለው የወንጀል መዝገብ ይይዛል፣ በየዓመቱ ቁጥሩን ያወጣል፣ አደጋ ሲኖር ተማሪውን ያስጠነቅቃል። መዝገቡ ከግቢው ጋር የሚዋሰነውንም የሕዝብ መንገድ ይጨምራል። የሚደብቁ እዚያም አልጠፉም፤ በ2024 ሊበርቲ ዩኒቨርሲቲ 14 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል። ልዩነቱ መደበቅ እዚያ ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑ ነው።

ይህ የፈረንጅ ነገር ነው የሚሉ አውጫጭኝን ያስታውሱ። በድሮው ሥርዓት ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ የአገሩ ሰው በሙሉ ተሰብስቦ ይጠየቅ ነበር፤ የቀረም ይቀጣ ነበር። ንጹሕ ሰው የሚጎዳበት አሠራር ነበርና ይመለስ አልልም። ነገር ግን በአንድ ሰው ላይ የደረሰ ስርቆት የአካባቢው ሁሉ ጉዳይ እንደነበር ያሳያል። የመርካቶ ነጋዴም ቢሆን ይህን አልረሳም፤ ገንዘብ አዋጥቶ ለተራው የሌሊት ዘበኛ ይቀጥራል። ኮሌጆቹ ከእነዚሁ የየተራው ዘበኞችና ከአካባቢው ፖሊስ ጋር ተነጋግረው ተማሪ የሚወጣበትን አንድ መንገድ ማስጠበቅ፣ አምፖል ማስገባት፣ ተማሪዎቹን በቡድን ማስወጣት ይችላሉ። ወጪው ለማስታወቂያ ከሚያወጡት አይበልጥም።

አንድ ኮሌጅ ብቻውን መዝገቡን ቢገልጥ ግን ይጎዳል፤ ይህ ፍርሃታቸው እውነት ነው። ስለዚህ ትእዛዙ ከላይ መምጣት አለበት። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ሲሰጥና ሲያድስ የመምህራኑን ማስረጃ፣ ክፍሉንና ቤተ መጻሕፍቱን ይመለከታል። የወንጀል መዝገቡንም ያምጡ ይበል፤ ከመንግሥትም ከግልም፣ ከሁሉም እኩል። ዓመቱን ሙሉ ባዶ መዝገብ ይዞ የሚመጣ የመርካቶ ኮሌጅ ካለ ያንን አስቀድሞ ይመርምር።

ተማሪዎች፣ እናንተም የተነጠቃችሁትን «ጠፋብኝ» ብላችሁ አታስመዝግቡ። የሆነውን በቀኑና በሰዓቱ ጽፋችሁ ለኮሌጁ አስገቡ፤ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱና ያዙት። በሚቀጥለው ምዝገባ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊትም ባለፈው ዓመት በተማሪዎቹ ላይ ምን እንደደረሰ ሬጅስትራሩን ጠይቁት።