የወገብ ሕመምና የመቀነት ዙር

ወገቧን የማያማት ሴት በእኛ በኩል ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ከሊበን እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባለው ገጠር ውሃው የሚመጣው በጀርባ ነው፤ እንጨቱም፣ ልጁም በጀርባ ነው። ጤፍ ሲታረም ቀኑን ሙሉ ጎንበስ፣ ምጣድ ላይም ጎንበስ። ስለዚህ አንዲት ሴት «ወገቤን» ብትል የሚደነግጥ የለም፤ እሷም አትደነግጥም። ብዙ ጊዜ ልክ ናት። በነርስነት ዘመኔ ካየኋቸው የወገብ ሕመሞች አብዛኞቹ የጡንቻና የአከርካሪ ድካም ነበሩ፤ ሸክሙ ሲቀንስ እነሱም ይቀንሳሉ።

ዛሬ የማነሳው ስለ ጥቂቶቹ ነው። ከማህፀን ግራና ቀኝ እንቁላል የሚያመነጩ፣ ከነቅርፊቱ ለውዝ የሚያክሉ ሁለት ዕጢዎች አሉ። ሐኪሞች እንቁልጢ ይሏቸዋል፤ ኦቫሪ የሚላቸውም ብዙ ነው። እነዚህ ላይ ካንሰር ሲነሳ መጀመሪያ ደም አያሳይም፣ በእጅ የሚዳሰስ እብጠትም አያወጣም። ቦታው ጥልቅ ነው። ዕጢው ሲያድግ ወይም ሆድ ውስጥ ውሃ ሲቋጠር ከኋላ ያለውን ይጫናል፤ ያን ጊዜ ሕመሙ ወገብ ላይ ይሰማል። ሸክም አውርዳችሁ፣ ተኝታችሁ አድራችሁም የማይለቅ፣ ድብን ያለ ሕመም ነው።

ወገብ ብቻውን ሲያም ካንሰር ሆኖ የሚገኘው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ነገሩ የሚለወጠው ጓደኞቹ አብረው ሲመጡ ነው። ሆድ ይነፋል፣ ሁለት ሦስት ጉርሻ ተበልቶ ጥግብ ይላል፣ ከእምብርት በታች ይከብዳል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ሆድ ድርቀትና ድካም የሚጨመርባትም አለች። ችግሩ እያንዳንዱ ምልክት ሌላ ስም ያለው መሆኑ ነው። ወገብና ሽንት ከሆነ «ኩላሊት ነው» ይባላል። ሆድ ከነፋ «ጨጓራ» ወይም «አሜባ» ነው። ወሩ ሁዳዴ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ሁሉ የሽሮው ነው። ለየብቻ ሲታዩ ሁሉም ያሳምናሉ።

አንዲት የሊበን አካባቢ እናት ትዝ ይሉኛል፤ ዕድሜያቸው ሃምሳን አለፍ ብሎ ነበር። ወገባቸውን ወጌሻ አሸላቸው፣ ዋግምትም ተደረገላቸው። ኋላ አንድ ክሊኒክ የኩላሊት መድኃኒት ሰጣቸው፤ በየሳምንቱ የማስታገሻ መርፌ ይወጋሉ። ሆዳቸው ሲገፋ ጎረቤት «ተመችቷቸዋል» አለ። ክንዳቸውንና አንገታቸውን ያየ ግን እንዲያ አይልም፤ አጥንታቸው ወጥቶ ነበር። «እናቴ፣ መቀነትዎ ድሮ ስንት ዙር ይዞርዎ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ኧረ ስድስት ይዞረኝ ነበር ሲስተር፤ አሁንማ አራትም አይሞላ» አሉኝ። በአልትራሳውንድ ሲታይ ሆዳቸው ውሃ ቋጥሯል፣ በግራ በኩልም ዕጢ አለ። ባሕር ዳር ተልከው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፣ የካንሰር መድኃኒትም በደም ሥር ወሰዱ። ሁለት ዓመት ያህል ቆዩ። ሲደርሱ ወደ ሞራው ተሰራጭቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመቀነቱን ጥያቄ አልተውኩትም። ሚዛን በሌለበት ቤት ከመቀነት የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም። ከተማ ላላችሁት የቀሚሱ ዚፕ ነው። ፊትና ክንድ እየከሳ ሆድ ብቻውን የሚያድግ ከሆነ ውፍረት አይደለም።

የመድረሻ ጊዜው ልዩነት ያመጣል። ሕክምናው በተሟላባቸው አገሮች ካንሰሩ ከእንቁልጢው ሳይወጣ ከተገኘ ከአሥር ሴቶች ዘጠኙ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ሆድ ውስጥ ከተሰራጨ በኋላ ወደ ሦስት ይወርዳሉ። በእኛ አገር አብዛኞቹ የሚደርሱት ከተሰራጨ በኋላ ነው።

«ታዲያ ሳያመን በየዓመቱ እንመርመር?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። እንግሊዞች ከ200,000 በላይ ሴቶችን ለዓመታት በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ ተከታትለው ውጤቱን በ2013 ዓ.ም. አወጡ፤ ምርመራው የሞቱን ቁጥር አልቀነሰም። ስለዚህ ደኅና ለሆነች ሴት የሚታዘዝ ዓመታዊ ምርመራ የለም። የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ አድርጋችሁ «ነጻ ነሽ» የተባላችሁም፣ ያ ምርመራ የሚያየው የማህፀንን በር ብቻ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባትም ለዚያው ለማህፀን በር ነው። ሁለቱም ይደረጉ፣ ግን እንቁልጢውን አይጠብቁም። መውለድና ማጥባት አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያስቀረውም፤ ስምንት ወልጃለሁ ብሎ መዝናናት አይሠራም። እናቷ ወይም እህቷ በጡት ወይም በእንቁልጢ ካንሰር የታመሙባት ሴት ደግሞ ይህን ለሐኪሟ ሳትጠየቅም ትንገር።

እንግዲህ የቀረን ምልክቱን መቁጠር ነው። እንግሊዝ አገር ሐኪሞች የሚመሩበት ቁጥር በወር ከ12 ቀን በላይ የሚል ነው። ከዚህ በፊት ያልነበረ የሆድ መነፋት፣ ቶሎ መጥገብ፣ የታችኛው ሆድ ሕመም ወይም የሽንት መመላለስ ከወሩ ከ12 ቀን በላይ ከተሰማ፣ በተለይ ዕድሜ 50 ካለፈ፣ ይመረመራል። ወገብም አብሮ ካመመ ሌላ መርፌ አትወጉ። ወጣቶችንም አልፎ አልፎ ስለሚይዝ ዕድሜዬ አልደረሰም ማለት አይበቃም። ማንበብ የማትችል እናት በየቀኑ አንዲት የባቄላ ፍሬ ጣሳ ውስጥ ትጣል፤ በወሩ መጨረሻ ልጇ ይቆጥርላታል።

ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ «ወገቤን» ብቻ ብላችሁ ዝም አትበሉ። ወንድ ሐኪም ፊት ስለ ሽንትና ስለ ታችኛው ሆድ ማውራት እንደሚያሳፍር አውቃለሁ፤ ግን የወገብ ማስታገሻ ይዛችሁ የምትመለሱት ይህ ሳይነገር ሲቀር ነው። «ወገቤን ያመኛል፣ ሆዴ ይነፋል፣ ቶሎ እጠግባለሁ፣ ይህን ያህል ጊዜ ሆነኝ፣ አልትራሳውንድ ያስፈልገኝ ይሆን?» ብላችሁ በአንድ ትንፋሽ ንገሩ። መጠየቅ ነውር የለውም።

ዕጢ ተገኘ ማለት ካንሰር ነው ማለት አይደለም። በዚሁ አቤቱታ ከላክኋቸው አንዷ የእንቁልጢ የውሃ ከረጢት ተገኝቶባት ወጣላትና ገበያዋን ቀጠለች። «ሲኤ 125» የሚባለው የደም ምርመራም ብቻውን አይፈርድም፤ በወር አበባ፣ በእርግዝና፣ በሆድ ቲቢም ከፍ ይላል። የሆድ ቲቢ ራሱ ውሃ ቋጥሮ፣ አክስቶ፣ ፍጹም ካንሰር ይመስላል፤ ግን በመድኃኒት የሚድን ነው። ሆድ ውሃ በቋጠረ ቁጥር እየቀዱ ወደ ቤት መላክ የማልወደው ለዚህ ነው። የተቀዳው ውሃ ይመርመር፣ ምንጩ ይታወቅ።

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ሆስፒታል ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን የምትላኩ፣ የጤና መድን ደብተር ካላችሁ የሪፈር ወረቀቱን ሳትይዙ መኪና ላይ አትውጡ፤ ያለዚያ ወጪው ወደ ኪሳችሁ ሊዞር ይችላል። የአልትራሳውንዱን ውጤትም ይዛችሁ ሂዱ። ቤት ያለው ሰው በሬ ከመሸጡ በፊት ወረቀቱን ይጠይቅ፤ በሬ ሸጦ ደርሶ ወረቀት ጎደለ የተባለ ብዙ ሰው አይቻለሁ። በሆድ ላይ ለሚደረገው አልትራሳውንድ ፊኛ ሞልቶ ሲገኝ እንቁልጢው ጠርቶ ይታያል። ስለዚህ ከመግባታችሁ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብላችሁ አራት አምስት ብርጭቆ ውሃ ጠጡና ሽንታችሁን ያዙ። ወረፋው ረዝሞ ከጨነቃችሁ ለባለሙያዋ ንገሯት፤ ታስቀድማችኋለች።