የአማርኛ ፕሮግራሞቻችን ለምን በመደርደሪያ ይቀራሉ?

በስድስት ኪሎ የአማርኛን ሥነ ምዕላድ በኮምፒዩተር የሚያጠና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ፕሮግራሙን በፓይተን ቢጽፍ ምርጫው አይነቀፍም። ቋንቋው ለመማር ቀላል፣ ሐሳብንም ቶሎ ለመፈተን ምቹ ነው። ማይክል ጋሰር ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛና ለትግርኛ ቃላት ትንተና ያዘጋጀው ሆርንሞርፎም የተጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነው። ችግሩ የሚመጣው ጥናቱ ተጠናቆ ፕሮግራሙ ለአገልግሎት ሲፈለግ ነው።

አንድን ቃል በ50 ሚሊሰከንድ የሚተነትን ፕሮግራም በመመረቂያ ጽሑፍ ፈተና ዕለት ፈጣን ይመስላል። አንድ ሚሊዮን ቃላት ያሉት የጋዜጣ ስብስብ ሲቀርብለት ግን 14 ሰዓት ያህል ይፈጃል። መዝገበ ቃላት አዘጋጁ ስሕተት ባረመ ቁጥር ይህን ያህል ሊጠብቅ አይችልም። ስለዚህ ጥናቱ ተጠርዞ በመደርደሪያ ይቀራል።

በእኔ እምነት መፍትሔው ሁሉን እንደገና በሌላ ቋንቋ መጻፍ አይደለም። መደበኛው የፓይተን ተርጓሚ ራሱ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ፣ በሲ ተጽፎ ኮምፓይል የተደረገን ሞጁል እንደ ራሱ አካል ይቀበላል። የኑምፓይ ፍጥነትም ከዚህ የመነጨ ነው። እንግዲያው አስቀድሞ ጊዜው የት እንደሚባክን ይለካ፤ ከዚያም ያ ጠባብ ክፍል ብቻ በሲ ይጻፍ።

ፊደላችን ለዚህ ሥራ ይመቻል። በዩኒኮድ የግእዝ ፊደላት ከቁጥር 4608 ይጀምራሉ፤ አብዛኞቹም በስምንት በስምንት ተደልድለዋል። የ«ስ» ቁጥር 4661 ነው። 4608 ሲቀነስለት 53 ይሆናል፤ 53 ለ8 ሲካፈል 5 ይተርፋል። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር 5 ሳድስን ያመለክታል። እንደ «ቈ» ያሉት ዲቃላ ፊደላት የተለየ አያያዝ ቢሹም፣ ተነባቢን ከአናባቢ መለየት በሲ ጥቂት የማሽን ትእዛዞችን ብቻ ይጠይቃል።

ሆኖም ሲ ስሕተትን ይቅር አይልም። በፓይተን አንድን መረጃ ስንት የፕሮግራሙ ክፍሎች እንደያዙት ተርጓሚው ይቆጥራል፤ በሲ ሞጁል ውስጥ ግን ቁጥሩን የሚጨምረውና የሚቀንሰው ጸሐፊው ነው። መቀነሱን ቢዘነጋ የኮምፒዩተሩ ማኅደረ ትውስታ ቀስ በቀስ ይሞላል፤ አብዝቶ ቢቀንስ ፕሮግራሙ በድንገት ሊወድቅ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ድምፅ የሌለው ስሕተት ነው። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ባይትንና ፊደልን አንድ አድርጎ የሚጽፍ ሰው «ሰላም»ን ባለ ዘጠኝ ፊደል ቃል ያደርገዋል።

ስለዚህ የፓይተኑ ቅጂ ከሲው ሞጁል ጎን ይቀመጥ፤ የሁለቱ ውጤትም በተመሳሳይ ቃላት ይነጻጸር። የቋንቋ ተመራማሪው የፓይተኑን አንብቦ መፍረድ ይችላልና። ፈታኞችም ከትክክለኛነት ጋር ፍጥነትን ይጠይቁ።

«ኃይለኛ ኮምፒዩተር መግዛት ይቀላል» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ለቤተ ሙከራ የተገዛው ማሽን ከተጠቃሚው ጋር ወደ ቤቱ አይሄድም። የቋንቋ ተማሪ ጊዜውን በሲ ላይ ማጥፋት የለበትም የሚለው ተቃውሞ ግን ሚዛን ይደፋል። ለዚህ መልሱ ሥራውን መካፈል ነው፦ የቋንቋ ጥናቱ በስድስት ኪሎ፣ የኮምፒዩተር ሳይንሱ በአራት ኪሎ ይሰጣል፤ መንገዱም በእግር የሚዘለቅ ነው።