ለሁለተኛ ቤት የሚበቃ አምፕሊፋየር

በሥራ ምክንያት ከቤተሰቡ ተለይቶ በሌላ ከተማ ሁለተኛ ቤት የሚይዝ ሰው ብዙ ነው። ሚስቱንና ልጆቹን አዲስ አበባ ትቶ ጅማ ወይም ሐዋሳ የተመደበ ሠራተኛ በዚያ አንዲት ክፍል ይከራያል፤ አልጋ፣ ጠረጴዛና ምድጃ ያስገባባታል። ጥቂት ሰንብቶ ግን የምሽቱ ጸጥታ ይከብደዋል፤ ሙዚቃ የሚያዳምጥበት መሣሪያም ያምረዋል። በሁለቱም ቤት አዲስ መሣሪያ ማኖር ከደመወዙ በላይ ስለሚሆንበት ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ይሄዳል። አንባቢዎች ሆይ፣ ይህ ሰው ምን ዓይነት አምፕሊፋየር ቢገዛ ይበጀዋል ትላላችሁ?

አምፕሊፋየር ከሬዲዮ፣ ከካሴት ማጫወቻ ወይም ከስልክ የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት አጉልቶ ስፒከሩን የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ነው። በእኔ አስተያየት ለሁለተኛ ቤት የሚገዛ አሮጌ አምፕሊፋየር ሊመዘን የሚገባው በሦስት ነገሮች ነው፤ እነርሱም ለክፍሉ መመጠኑ፣ ከአገሩ ኤሌክትሪክ ጋር መስማማቱና ቢበላሽ የሚጠገን መሆኑ ናቸው። ግዝፈቱና የመብራቶቹ ብዛት ግን ገዢውን ሊያታልሉት አይገባም።

በመጀመሪያ ጉልበቱን እንመልከት። አብዛኛው ገዢ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ይሁን እንጂ ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም፤ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ጉልበቱ ዐሥር ጊዜ ያህል ማደግ አለበት። ስለዚህ የ20 ዋትና የ40 ዋት ልዩነት በኪስ ላይ ከባድ፣ በጆሮ ላይ ግን ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ለገበያ የቀረበው ናድ 3020 የተባለው አምፕሊፋየር በእያንዳንዱ ቻናል የተመዘገበለት 20 ዋት ብቻ ሲሆን፣ በዋጋው ርካሽነትና በድምፁ ጥራት በብዙ አገሮች ስም አትርፏል። በአንጻሩ በአንዳንድ መሣሪያ ላይ «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» ተብሎ በሺህ የሚቆጠር ዋት ተለጥፎ ይታያል። ይህ ቁጥር መሣሪያው ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለውን ጉልበት አያመለክትም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1974 አምራቾች ያልተቋረጠውን ጉልበት እንዲገልጹ የሚያስገድድ ደንብ ያወጣው እንዲህ ያለውን የቁጥር ጋጋታ ለመግታት ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ ቮልት ነው። እኔ ይህን የተማርሁት ከራሴ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ግዙፍ አምፕሊፋየር በርካሽ አግኝቼ፣ የጀርባውን ጽሑፍ እንኳ ሳላነብ ተሸክሜው ገባሁ። መሣሪያው የተሠራው ለ100 ቮልት ኖሯል። ሶኬቱ ላይ ሰክቼ ማብሪያውን ብጫነው ከውስጡ ጢስ ተነሣ፤ ለቤተሰቤ ልልከው የሚገባኝ ገንዘብም አብሮ ጤሰ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ! የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ የጃፓን 100፣ የአሜሪካ ደግሞ 120 ቮልት ነው። እንግዲህ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት የመሣሪያውን ጀርባ አንብቡ። አንዳንዱ የቮልት መምረጫ አለው፤ የሌለው ግን ቮልት ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ስለሚያስፈልገው፣ የእርሱን ዋጋ ጨምራችሁ አስሉ። ስፒከራችሁ ስንት ኦም እንደሆነም አረጋግጡ፤ ለ8 ኦም በተሠራ አምፕሊፋየር ላይ 4 ኦም ስፒከር ማሠራት ከልክ በላይ ሊያግለው ይችላል።

ሦስተኛው የጤንነቱ ምርመራ ነው። የምታውቁትን ዘፈን ይዛችሁ ሂዱ፤ መሣሪያውም በሻጩ ፊት ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይሥራ። ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ስታዳምጡ የማያቋርጥ ጉምጉምታ ከተሰማ ካፓሲተሮቹ ደርቀው ሊሆን ይችላል። የድምፅ መጨመሪያው ሲዞር ቢንኮሻኮሽ አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ አቧራ ስለሆነ በጽዳት ይድናል። የቃጠሎ ሽታ ካለው ወይም አንደኛው ወገን ጭራሽ ድምፅ ካልሰጠ ግን ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ትታችሁት ውጡ።

«አሮጌ ዕቃ ዋስትና የለውም፤ ትንሽም ቢሆን አዲስ ይሻላል» የሚሉ ሰዎች አሉ። አባባላቸው መሠረት የሌለው አይደለም፤ ጠጋኝ በሌለበት ከተማ ለሚኖር ሰው በእርግጥ አዲሱ ሊሻለው ይችላል። ሆኖም በብዙዎቹ የቀድሞ አምፕሊፋየሮች አንድ ካፓሲተር ወይም አንድ ትራንዚስተር ቢበላሽ እርሱ ብቻ ተነቅሎ በሌላ ይተካል። በብዙ ትንንሽ አዳዲስ መሣሪያዎች ግን ሁሉም ነገር በአንድ ሰሌዳ ላይ ተጨናንቆ ስለሚሠራ ጥገናው አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ጠጋኝ በአቅራቢያው ያለ ሰው በደንብ የተመረመረውን አሮጌ ቢመርጥ የሚጸጸት አይመስለኝም።

ሁለተኛ ቤት ባለቤቱ ሲሄድ ተዘግቶ የሚሰነብት ቤት መሆኑም አይዘንጋ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የቮልቱ መዋዠቅ መሣሪያን ሊጎዳ ይችላልና ስታቢላይዘር መጠቀም፣ ከቤት ሲወጡም ከሶኬት መንቀል ይገባል።

ከሁሉ በላይ ግን ሁለተኛው ቤት የተያዘው የመጀመሪያውን እንዲደግፍ እንጂ እንዲሻማው አለመሆኑን አስቡ። ለአንዲት ክፍል 20 ዋት ከበቃ፣ ከዚያ በላይ ለታይታ የሚወጣው ብር የልጆች ደብተርና ጫማ ነው። ክፍሉን በሚሞላ ድምፅ የረካ ሰው ሙዚቃውንም ያዳምጣል፤ ለቤተሰቡም የሚልከው አያጣም።