ሀገራችን የሌለችበት ዝርዝር

ነገሩ የሆነው ማታር ነው። ባሮ ዳር፣ ከደቡብ ሱዳን ድንበር አቅራቢያ ያለችው የዋንቱዋ ወረዳ ከተማ። ለሥራ ሄጄ አንድ ከሰዓት በኋላ ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ቤት ቁጭ ብያለሁ። ጄኔሬተሩ ይጮኻል። አጠገቤ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ልጅ አዲስ ያወረደውን የኳስ ጌም ለመክፈት ይታገላል። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት «ማኅበረሰባችንን ተቀላቀሉ» የሚል ገጽ መጣበት። ስም ሞላ፣ የትውልድ ቀን ሞላ፣ ከዚያ ሀገር ምረጥ ተባለ። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ወረደበት፣ መልሶ ወጣበት። ወደ እኔ ዞረና፣

«ጋሼ፣ የእኛ የለም እንዴ?» አለኝ።

ተቀብዬ ፈለግኩለት። የለም።

«ታዲያ ምን ልትሞላ ነው?» ብለው ሳያቅማማ፣ «እንግሊዝ ነዋ! ሁሉም እንግሊዝ ነው የሚለው» አለና ገባ።

የኩባንያውን ስም አላነሳም፤ ጉዳዩ የአንድ ኩባንያ አይደለም። እኔን ያንገበገበኝ ልጁ መዋሸቱ ሳይሆን ለመዋሸት ሁለት ሴኮንድ እንኳ አለማሰቡ ነው። ሀገሩን መካድ የመግቢያ ክፍያ ሆኗል፤ እሱም ከፈለ።

«ጋምቤላ ስንት ጉድ እያለ ስለ ጌም ታወራለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጎርፉም ስደተኛውም የመንገዱም ነገር አለ፤ ስለነሱም እንጽፋለን። ግን «የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂ አውጥተን፣ «5 ሚሊዮን ኮደሮች» ብለን ወጣቱን ወደ ስክሪኑ የጠራነው እኛው ነን። የተጠራው ልጅ መጀመሪያ የሚያንኳኳው በር ደግሞ የኮዲንግ ትምህርት አይደለም፤ ጨዋታ ነው። እዚያ በር ላይ ምን ተብሎ እንደሚመለስ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

አሁን ዓለም ሁሉ ወደሚያውቀው ጉዳይ ልምጣ።

ጥር 30 ቀን 2016 ዓ.ም. «ሄልዳይቨርስ 2» የተባለ ጌም ለገበያ ቀረበ። የሠራው አሮውሄድ የተባለ የስዊድን ስቱዲዮ፣ ያሳተመው ሶኒ ነው። በፕሌይስቴሽን 5 ብቻ ሳይሆን በኮምፒውተርም፣ ስቲም በተባለው መደብር በኩል ተሸጠ። የኮምፒውተር ተጫዋቾች የሶኒን የኔትወርክ አካውንት ከጨዋታው ጋር ማገናኘት ነበረባቸው፤ በጅማሬው የቴክኒክ ችግር ስለገጠመ ግን ግዴታው ቀረላቸውና ያለ አካውንት መጫወት ጀመሩ። ሰው ገዛ፣ ተጫወተ፣ ወደደው።

ከዚያ ሦስት ወር ሊሞላው ሲል፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እኛ ስቅለትን ስንሰግድ ማስታወቂያ መጣ፦ ከእንግዲህ የሶኒ አካውንት የሌለው መጫወት አይችልም። ችግሩ ምንድን ነው? አካውንቱ የሚከፈተው ሶኒ በዘረዘራቸው ሀገሮች ብቻ ነው። ከአፍሪካ በዝርዝሩ ውስጥ ያለችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት። ኢትዮጵያ የለችም። ኬንያም፣ ናይጄሪያም፣ ግብፅም የሉም። ጌሙ ግን በእነዚህ ሀገሮች ጭምር ሲሸጥ ቆይቷል። ገንዘቡ ከየትም ሲመጣ ተቀባይነት ነበረው፤ ሰውዬው ራሱ ሲመጣ ነው አድራሻው የተጠየቀው።

ቀጥሎ የሆነው ለታሪክ የሚቀመጥ ነው። በዚያ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ከ200 ሺህ በላይ አሉታዊ አስተያየት በስቲም ላይ ተጻፈ። ጌሙም 177 በሚሆኑ ሀገሮች ከሽያጭ ወረደ። የጻፉት ሁሉ በሩ የተዘጋባቸው አልነበሩም፤ አሜሪካ ቁጭ ብለው፣ አካውንት ኖሯቸው፣ «አብሮኝ የሚጫወተውን ሰው ለምን ታስወጡታላችሁ?» ያሉ ብዙ ነበሩ። የፋሲካ ማግሥት፣ ሰኞ ሚያዝያ 28፣ ሶኒ ውሳኔውን መሻሩን አስታወቀ። ግዙፉን ኩባንያ ያስመለሰው ፍርድ ቤት ወይም መንግሥት ሳይሆን ደረሰኝ የያዘ ደንበኛ ነው።

እዚህ ላይ ማጨብጨብ ያምረናል። ግን እናስተውል። ግዴታው ከተሻረ በኋላም የሽያጭ እገዳው በእነዚያ ሀገሮች ለወራት አልተነሳም። ሀብታሙ ሀገር ድሉን ወሰደ፤ እኛ ቅጣቱ ቀረብን። ሶኒ ለአንዳንድ የኮምፒውተር ጌሞቹ አካውንቱን በውዴታ ያደረገው ጥር 2017 ዓ.ም. ላይ ነው።

ኩባንያዎቹ መልስ አላቸው። ገበያው ትንሽ ነው፣ የየሀገሩ የግብርና የመረጃ ሕግ ይለያያል፣ ማጭበርበር አለ፣ አካውንት የሚያስፈልገው ለተጫዋቹ ደኅንነት ነው ይላሉ። ገበያው ትንሽ ነው የሚለውን እቀበላለሁ። የማይሸጥልኝን ነጋዴ «ለምን አትሸጥልኝም?» ብዬ አልከሰውም። ሸጦልኝ፣ ገንዘቤን ቆጥሮ፣ ከሦስት ወር በኋላ «ለካ ሰፈርህን አላውቀውም» የሚለኝን ግን እከሰዋለሁ።

ደኅንነት የሚለው ደግሞ ጭራሽ አያስኬድም። ሚያዝያ 2003 ዓ.ም. የዚሁ የሶኒ ኔትወርክ 77 ሚሊዮን አካውንት ተሰብሮ አገልግሎቱ ሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። ጥር 2017 ማብቂያ ላይም አንድ ቀን ሙሉ ገደማ ጠፍቶ ዋለ። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ቤት «ለደኅንነታችሁ ስል ግዴታ ግቡ» ሲል መጀመሪያ ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። ደግሞስ የማታሩ ልጅ «እንግሊዝ» ብሎ ሲገባ የማን ደኅንነት ተጠበቀ? ውሸት የሞላበት አካውንት ደንቡን የጣሰ ነው፤ ኩባንያው በፈለገ ቀን ሊዘጋው ይችላል። ልጁ የሰበሰበው ነጥብና የገዛው ዕቃ አብሮ ይሄዳል። አቤት ልበል ቢል በየትኛው አድራሻ? ለንደን እንደሆነ የተናገረው እሱ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን።

ጣታችንን ወደ ቶኪዮ ብቻ ቀስረን ብናበቃ ግብዝነት ነው። በየከተማው ያለው ጌም ቤት ለዓመታት የሠራው በተቀዳ ዲስክ ነው። በብር ሂሳብ የምንጠቀምበት የባንክ ካርድ ከሀገር ውጭ ያለ ግዢ አይፈጽምም፤ ከፍዬ ልጫወት ያለ ወጣትም ውጭ ያለ ዘመድ መለመን ወይም ደላላ መፈለግ አለበት። መታወቂያችንን በውሸት መሙላትንም ያስተማረን ጌም ብቻ አይደለም። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ለአምስት ወር ያህል ሲገደቡ፣ ቪፒኤን ከፍቶ ከሌላ ሀገር ነኝ ማለትን የለመደው መላው ሀገር ነበር። ይህን ገጽ የምታነቡት ብዙዎቻችሁ ያኔ ኔዘርላንድ ነበራችሁ።

ሪባን ቆርጦ መተግበሪያ የማስመረቅ ልማዳችንም ከዚህ የተለየ አይደለም። መጀመሪያ ግዴታ ይታወጃል፣ ከዚያ ሲስተሙ «ይስተካከላል» ይባላል፣ እስኪስተካከል የሚጉላላው ኔትወርክ የሌለበት ወረዳ ነዋሪ ነው። ፋይዳን ለባንክ አዲስ ሂሳብ ግዴታ ሲያደርግ ብሔራዊ ባንክ በአዲስ አበባ ጀምሮ በየደረጃው ወደ ሌላው እንዲሄድ መወሰኑ ቢያንስ ቅደም ተከተሉን ያወቀ አሠራር ነው፤ አፈጻጸሙን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። መርሁ አንድ ነው፦ ሰው ሊደርስበት የማይችለውን ነገር ግዴታ አታድርግ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እላለሁ።

ለኩባንያዎቹ፦ «ማኅበረሰብ» የሚለውን ቃል ከመጻፋችሁ በፊት የሀገሮቹን ዝርዝር ጨርሱ። መጨረስ ካልቻላችሁ በሩን ክፍት ተዉት፤ አካውንት የሌለውም ይጫወት።

ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴርና ለባንኮች፦ ከእነዚህ ኩባንያዎች ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር የእናንተ ሥራ ነው። ቴሌብር አለ፣ ፋይዳ አለ። ክፍያና ማንነት የሚረጋገጥበት መንገድ ካለን፣ «ገበያው አይታወቅም» የሚለውን ሰበብ ማፍረስ ይቻላል።

ለተጫዋቹ፦ ያ የፋሲካ ቅዳሜና እሁድ ያስተማረን አለ። ዝም ብሎ «እንግሊዝ» የሚል መቶ ሺህ ልጅ በኩባንያው መዝገብ ላይ እንግሊዛዊ ሆኖ ይቆጠራል፤ ኢትዮጵያም ተጫዋች እንደሌላት ሀገር ትቆያለች። ውሸታችን በሩን ከፈተልን፤ ከዝርዝሩ የሚያስቀረንም እሱ ነው። የገዛችሁትን ጌም አስተያየት መስጫ ክፈቱና ሀገራችሁን በስሟ ጻፉ።

የማታሩ ልጅ ያን ቀን ሦስት ለአንድ አሸነፈ። ስክሪኑ ላይ ከስሙ ጎን የእንግሊዝ ባንዲራ ብቅ አለ። ሳቀ፣ ለእኔም አሳየኝ። እኔ አልሳቅሁም።