መስመሩ ሳይጠራ መብራቱ አይታዘዝም

ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ፒያሳ በምሽት የሚወርድ ሰው የሚያየው ብርሃን ከጥቂት ዓመታት በፊት የነበረው አይደለም። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም በየካቲት 2016 ዓ.ም. ከተመረቀና የኮሪደር ልማቱ ከተከተለ ወዲህ የመንገዱ ዳር፣ የሕንፃው ግንባር፣ የወርቅ ቤቱ መስታወት ሁሉ በኤልኢዲ ደምቋል። ከዋናው መንገድ ገባ ብለው በቀሩት አሮጌ ቤቶች ውስጥ ግን ሌላ ነገር ያጋጥማል። ማጥፊያው ተጭኖም አምፖሉ ጨርሶ አይጠፋም፤ ጨለማው ውስጥ ጭል ጭል ሲል ያድራል። በሪሞት ወይም በስልክ የሚታዘዝ መብራት የገዛ ሰው ደግሞ ቀን የሰራለት ዕቃ ማታ እምቢ ይለዋል፤ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት የበረንዳው መብራት ትእዛዝ መቀበሉን ያቆማል።

እንዲህ ሲሆን የሚሰጠው ፍርድ ከሁለት አንዱ ነው፦ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ወይም «የመብራት ኃይል ጥፋት ነው»። አንዳንዴ እውነት ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ከቆጣሪው ወዲህ፣ በቤቱ በራሱ ሽቦ ላይ ነው። ይህን ጉዳይ የሚመረምር ባለሙያ ማግኘት ከባድ የሆነው፣ በአገራችን ስለ ኤሌክትሪክ ሲወራ የሚነሳው ጥያቄ እስካሁን «አለ ወይስ የለም?» የሚለው ብቻ ስለሆነ ነው። ጥያቄው የሚገባ ነበር። ዛሬ ግን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የዓባይ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ስለ መጠን የሚወራውን ያህል ስለ ጥራት የሚወራበት ጊዜም ደርሷል፤ የጥራቱ ወሬ መጀመር ያለበት ደግሞ ከግድቡ ሳይሆን ከሳሎኑ ነው።

ከሚታዘዙት መብራቶች አንዳንዶቹ ትእዛዙን የሚቀበሉት በዚያው በቤቱ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ መልእክት መላክ አዲስ ነገር አይደለም። የኃይል ድርጅቶች ከአንዱ ማከፋፈያ ጣቢያ ወደ ሌላው ድምፅና መረጃ በከፍተኛ ኃይል መስመሮቻቸው ላይ ሲልኩ ኖረዋል። ይህን ዘዴ ወደ መኖሪያ ቤት ያስገባው ኤክስ-10 የተባለው ሥርዓት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ስኮትላንድ ውስጥ ግሌንሮዝስ በምትባል ከተማ ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ የተባለ ኩባንያ ሰራው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በዚህ ምልልስ ቮልቴጁ በሰከንድ 100 ጊዜ በዜሮ ያልፋል። ላኪው ዕቃ ያቺን ቅጽበት ጠብቆ፣ በሰከንድ 120 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ምልክት ለአንድ ሺኛ ሰከንድ ብቻ ይለቃል። ምልክት ከተገኘ «አንድ» ነው፣ ካልተገኘ «ዜሮ» ነው። አንዱ ትእዛዝ ተጠናቆ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። አሥራ ስድስት የቤት መለያና አሥራ ስድስት የዕቃ መለያ ስላለው በድምሩ 256 አድራሻ ይይዛል። ከእሱ በኋላ የመጡት ሥርዓቶች ፈጣንና ብልህ ቢሆኑም የሚጓዙት በዚያው ሽቦ ነው፤ ችግራቸውም ቤተ ዘመድ ነው።

ለፒያሳ አሮጌ ቤቶች ይህ ዘዴ ልዩ ጥቅም አለው። የቢትወደድ ኃይለ ጊዮርጊስን ቤት የመሰሉ፣ ግድግዳቸው ወፍራም፣ በረንዳቸው እንጨት የሆነ ቤቶች ውስጥ ዋይፋይ ከክፍል ክፍል ለማለፍ ይቸገራል። አዲስ ሽቦ ለመቅበር ግድግዳ መቦርቦርም ቅርስን መጉዳት ነው። ስለዚህ ያለውን ሽቦ በመልእክተኛነት መጠቀም ከማንም በላይ ለእነሱ ይስማማል። ክፉ አጋጣሚ ሆኖ ግን በከተማው ውስጥ ካሉት ሽቦዎች ያረጁት፣ በየጊዜው የተቀጠሉትና በተከራይ ላይ ተከራይ የቆራረጣቸውም እዚያው ናቸው።

ምልክቱ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ማወቅ ነገሩን ያቀለዋል። ላኪው ጋ ጥቂት ቮልት የነበረው ምልክት ተቀባዩ ዘንድ ሲደርስ ከቮልት አንድ አሥረኛ የማይበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያውም 220 ቮልት በተሸከመ ሽቦ ላይ። የታክሲ ረዳቶች በሚጣሩበት ሰዓት ፒያሳ ቆሞ ከመንገዱ ማዶ ሹክ የሚልን ሰው ለመስማት እንደ መሞከር ነው።

ጫጫታውን የሚፈጥረው ማን ነው? የስልክ ቻርጀር፣ የላፕቶፕ አዳፕተር፣ የዲኮደርና የቴሌቪዥን ፓወር ሰፕላይ፣ የኤልኢዲ ስትሪፕ። እነዚህ ዕቃዎች ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በአሥር ሺዎች፣ ሲብስም ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ እየቆራረጡ ነው ወደሚፈልጉት ቮልት የሚያወርዱት። የቆረጣው ትርፍራፊ በፊልተር ካልተያዘ ተመልሶ ሽቦው ላይ ይፈስሳል፣ ያውም ምልክቱ በሚጓዝበት ሠፈር። የድሮው የክር አምፖል ኃይል ይበላ ነበር እንጂ ሽቦውን አይረብሽም ነበር። በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. አካባቢ የኤሌክትሪክ ኮርፖሬሽኑ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የክር አምፖሎችን ኃይል ቆጣቢ በሆኑት ሲተካ አገሪቱ ብዙ ኃይል አድናለች፤ እርምጃው ትክክል ነበር። በዚያ ወቅት ግን በእያንዳንዱ አምፖል መያዣ ላይ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ እንደገባ ያስተዋለ አልነበረም።

ከጫጫታው የባሰ የሚያደናግረው ግን የምልክቱ መዋጥ ነው። መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር ዕቃው የተቃጠለበት የአዲስ አበባ ነዋሪ ቤቱን በስታቢላይዘር፣ በዩፒኤስና በመከላከያ ዲቫይደር ሞልቷል። የእነዚህ መግቢያ ላይ ረብሻን ወደ ውስጥ የማያሳልፍ ካፓሲተር አለ። ካፓሲተሩ ረብሻንና መልእክትን አይለይም፤ ሁለቱንም ይውጣል። ጫጫታ ያለበት ቤት ውስጥ ተቀባዩ ይሳሳታል፣ መብራቱ ሳይታዘዝም ይበራል። የሚዋጥበት ቤት ውስጥ ግን ጭራሽ ዝም ነው። መድኃኒታቸውም ይለያያል፦ ለሚረብሸው ዕቃ ፊልተር፣ ለሚውጠው ዕቃ ደግሞ ምልክቱ ወደ እሱ እንዳይሄድ የሚያግድ መጠምጠሚያ ከፊቱ ይደረጋል። ይህን ሳይለዩ ላኪውን በሌላ ላኪ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ፌዝ፣ ማለትም ኃይል ተሸካሚው መስመር፣ ነው። የንግድ ቤት ባለበት ፎቅ ላይ ምድር ቤቱ በአንዱ ፌዝ፣ ላይኛው በሌላው ሊሆን ይችላል። ከአንዱ ፌዝ የተነሳ ምልክት ወደ ሌላው ለመድረስ እስከ መንገድ ትራንስፎርመሩ ሄዶ መመለስ አለበት፤ ሲመለስም ተዳክሟል። «ምድር ቤት ይሰራል፣ ፎቅ ላይ አይሰራም» የሚል አቤቱታ ሲሰማ ኤሌክትሪሺያኑ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህንን ነው። በፌዞቹ መካከል ምልክቱን የሚያሻግር፣ ለዚሁ ሥራ የተሰራ ማገናኛ አለ፤ የሚገጠመው ግን ከብሬከሩ ላይ ስለሆነ የባለሙያ እጅ ይፈልጋል።

ወደዚያ ጭል ጭል ወደሚለው አምፖል እንመለስ፤ በአሮጌዎቹ ቤቶች ከሁሉ የሚበዛው ችግር እሱ ነውና። የማጥፊያው ክዳን ሲፈታ ከግድግዳው ብቅ የሚሉት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፦ አንዱ የሚመጣው ፌዝ፣ ሌላው ወደ አምፖሉ የሚሄደው። ኒውትራሉ፣ ማለትም የመመለሻው ሽቦ፣ በቀጥታ ከጣሪያው ወደ አምፖሉ ስለሚወርድ ማጥፊያው ዘንድ አይደርስም። በታዛዥ ማጥፊያ ውስጥ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ደግሞ ሁልጊዜ ነቅቶ መጠበቅ አለበት፤ ኒውትራል ካጣ የሚያስፈልገውን ጥቂት ኤሌክትሪክ በአምፖሉ በኩል አሾልኮ ይወስዳል። የክር አምፖል ይህን ከምንም አይቆጥረውም ነበር። ኤልኢዲው ግን በዚያች ጠብታ ይነቃል። ከዚህ የከፋውና አደገኛው ደግሞ ቀድሞ የሰራው ሰው ማጥፊያው ላይ በፌዙ ፈንታ ኒውትራሉን አስገብቶ ሲገኝ ነው፤ እንዲህ ባለ ቤት መብራቱ ጠፍቶም አምፖል መያዣው ላይ ኤሌክትሪክ አለ፤ አምፖል ሲቀይር እጁን የሰደደ ሰው ይመታል።

የሚረብሸውን ወይም የሚውጠውን ዕቃ ለማግኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ሥርዓት ነው። ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ከሶኬት ይነቀላል። ማጥፋት አይበቃም፣ መነቀል አለበት፤ በሪሞት የጠፋ ቴሌቪዥንም ሆነ ስልክ ያልተሰካበት ቻርጀር አሁንም መስመሩ ላይ ነው። አንድ ላኪና አንድ መብራት ብቻ ቀርተው ይሞከራሉ። ከሰሩ ሽቦው ደህና ነው፤ ከዚያ ዕቃው አንድ በአንድ እየተሰካ ከእያንዳንዱ በኋላ ትእዛዙ ይሞከራል። መብራቱ እምቢ ያለበት ሰዓት የመጨረሻው የተሰካው ዕቃ ተጠርጣሪ ነው። ለፍንጭ ያህል በባትሪ የሚሰራ ኤ.ኤም. ሬዲዮም ይጠቅማል፦ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ ተደርጎ ወደየዕቃው ሲጠጋ፣ ፊልተር የጎደለው ቻርጀር ወይም የስትሪፕ መብራት ጩኸቱን ያጋልጣል። የስልክ ካሜራ ወደ በራ አምፖል ሲዞር የሚሮጡ ጥቁር መስመሮች ካሳየ ያም አምፖል ውስጡ እንደተቆጠበበት ይናገራል።

ይህ ሁሉ ግን ባለቤቱ ላይ ብቻ መጣል የለበትም። ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ረብሻ ኮሚቴ (ሲስፕር) ለመብራት ዕቃዎች ያወጣው ደረጃ ረብሻን ከ9 ኪሎ ኸርዝ ጀምሮ ይገድባል። ለኮምፒዩተርና ለመሰል ዕቃዎች ያወጣው ግን በሽቦ ላይ የሚፈስሰውን ረብሻ የሚለካው ከ150 ኪሎ ኸርዝ ጀምሮ ነው። ስለዚህ የቤት መልእክት በሚጓዝበት በ120 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ፣ ማረጋገጫ ያለው የላፕቶፕ አዳፕተር እንኳ ቢረብሽ በዚህ ደረጃ የሚጠየቅበት ገደብ የለም። ይህ ክፍተት አውሮፓንም ያስቸገረ ነው፤ እዚያ የኤሌክትሪክ ድርጅቶች ከ3 እስከ 95 ኪሎ ኸርዝ ያለውን ክልል ለቆጣሪ ንባብና ለመሰል ሥራ ስለሚጠቀሙ፣ ረብሻው ቆጣሪንም ጭምር ዝም ያሰኛል።

ከመርካቶ እስከ ፒያሳ በየሱቁ የሚሸጠው አምፖልና ቻርጀር ሲገባ የሚታየው ዋቱና ዋጋው ብቻ ሊሆን አይገባም። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የመገናኛ ዕቃዎችን ዓይነት መርምሮ ያጸድቃል፤ የተስማሚነት ምዘና ድርጅቱም የምርት ፍተሻ ይሰራል። ሁለቱ ተነጋግረው በሽቦ ላይ የሚፈስ ረብሻን ለአምፖልና ለፓወር ሰፕላይ የፍተሻ መስፈርት ቢያደርጉት፣ በአንድ ውሳኔ ሚሊዮን ቤቶችን ከአሰሳ ያድናሉ። ለኤሌክትሪክ ሥራ ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንም «ኒውትራል እስከ ማጥፊያው ደርሷል ወይ? የመሬት መስመር አለ ወይ?» የሚለውን ለዕድሳት ሥራ ግዴታ ያድርገው።

ገዢም አንድ ነገር ይጠንቀቅ። ኢንስቲዮን የተባለው የአሜሪካ የቤት መቆጣጠሪያ በሽቦም በሬዲዮም ይሰራ የነበረና ብዙዎች ያመኑት ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ኩባንያው ድንገት ሰርቨሩን ሲዘጋ በስልክ መታዘዝ የለመዱ ቤቶች ቀጥ አሉ፤ የቀሩላቸው በእጅ የሚጫኑት ማጥፊያዎች ነበሩ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ በእጅ የማይበራና የማይጠፋ መብራት አዲስ አበባ ውስጥ መግጠም ስህተት ነው።

በጊዮርጊስና በፒያሳ አሮጌ ቤት እያሳደሱ ያሉ ባለንብረቶች ለግንባሩ መብራትና ለቀለም ከመዋዋላቸው በፊት ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ። ግድግዳው ክፍት ሳለ ኒውትራሉ እስከ ማጥፊያው፣ የመሬት መስመሩ እስከ ሶኬቱ ይግባ። ልስን ካለቀ በኋላ ያው ሥራ ግድግዳ መስበርን ይጠይቃል።