የባልንጀራህ ኪሎ ያንተ መለኪያ አይደለም

በዚህ ወር ዓምዳችን ስለ ክብደት ማንሳት እንወያያለን። «የጤናና የአመጋገብ ዓምድ ከመቼ ወዲህ ነው ስለ ጂም የሚጽፈው?» የሚል ወንድም እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን ነገሩ የየቤታችን ጉዳይ ነው።

በቅርቡ አንድ ወጣት ከመግሪብ በኋላ ወገቡን ይዞ መጣና የዲክሎፍናክ መርፌ እንድሰጠው ጠየቀኝ። የሐኪም ማዘዣ አልያዘም። ምን እንደነካው ስጠይቀው፣ «እህቴ፣ ነገ ማንሳት አለብኝ፤ ጓደኛዬ መቶ ሃያ ደርሷል፣ እኔ መቶ ላይ ቀረሁ» አለኝ። የሚያወራው ጂም ገቢዎች ዴድሊፍት ስለሚሉት ነው፤ መሬት ላይ የተቀመጠን ብረት በሁለት እጅ ይዞ ቀጥ ብሎ እስኪቆሙ ድረስ ማንሳት። ሚዛን ላይ ሳወጣው 56 ኪሎ ሆነ። «ጓደኛህስ?» አልኩት። «እሱ ግዙፍ ነው፣ ሰማንያ ይሆናል» አለኝ። ወረቀት ላይ አሰላሁለት። እሱ ያነሳው የራሱን ክብደት አንድ ነጥብ ስምንት እጥፍ ያህል ነው፤ ጓደኛው ያነሳው ደግሞ የራሱን አንድ ተኩል እጥፍ። ወገቡን የጎዳው ቀድሞ የበለጠውን ሰው ለመብለጥ ሲሞክር ነበር። መርፌውን አልሰጠሁትም፤ ወደ ሐኪም ላክሁት። ደስ ብሎት እንዳልወጣ መናገር አያስፈልገኝም።

ክብደትን በራስ ክብደት አካፍሎ ማየት ከባዶ ፉክክር ይሻላል። በውድድርም ሰዎች በክብደት ምድብ የሚለያዩት ለዚሁ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. በሴኡል ኦሎምፒክ ቱርክን ወክሎ የተወዳደረው ናይም ሱለይማኖግሉ በ60 ኪሎ ምድብ 190 ኪሎ ከራሱ በላይ አንስቶ ወርቅ ወስዷል፤ ከክብደቱ ሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ቡልጋሪያ የተወለደ ቱርክ ሲሆን፣ የዚያን ጊዜው መንግሥት ስሙን በግድ ወደ ቡልጋሪያኛ ስለቀየረበት በ1986 እ.ኤ.አ. አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው ነው። ቁመቱ ግን አንድ ሜትር ከሃምሳ እንኳ አይሞላም ነበር። በግዙፎቹ ኪሎ ራሱን ቢለካ ኖሮ ገና በልጅነቱ ትቶት በሄደ።

ይሁንና ይህም ስሌት ሙሉ ፍርድ አይሰጥም። ቀላል ሰው በክብደቱ ሲካፈል ብዙ ጊዜ ይበልጣል። እጁ የረዘመ ሰው ብረቱን ብዙ ሳይጎነበስ ያገኘዋል። አንዱ የጀመረው ከአምስት ዓመት በፊት ነው፣ ሌላው ከአምስት ሳምንት በፊት። አንዱ እንቅልፍ ጠግቦ ይነሳል፣ ሌላው ሌሊት ዘበኛ ነው። ስለዚህ ከባልንጀራ ጋር የሚደረግ ንጽጽር ከሰላምታ ያለፈ ጥቅም የለውም ባይ ነኝ። የሚጠቅመው ያለፈው ወር አንተ ከዛሬው አንተ ጋር ሲተያይ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጠንካራ አማኝ ከደካማው ይልቅ በአላህ ዘንድ ተወዳጅ መሆኑን አስተምረዋል፤ ሙስሊም ዘግበውታል። ወጣቶቻችን ይህን ሐዲስ አሳምረው ያውቁታል። ተከታዩ ግን ይዘነጋል፤ በሁለቱም ዘንድ መልካም ነገር እንዳለ፣ ሰውም የሚጠቅመውን ነገር ተግቶ እንዲፈልግ የሚያሳስበው ክፍል። ዑለሞች ጥንካሬው በቅድሚያ የኢማንና የቁርጠኝነት መሆኑን ይገልጻሉ። የሰውነት ኃይልም መልካም ሥራ እስከተሠራበት ድረስ ከዚያ ውጭ አይደለም። ዲክሎፍናክ ተወግቶ የጓደኛን ኪሎ ማሳደድ ከሚጠቅመው ነገር ውስጥ ይቆጠር እንደሆነ ወጣቱ ራሱ ይፍረድ።

እስካሁን የጂም ወጣቶችን ብቻ ያነሳሁ ይመስላል። በጎንደር ከሁሉ በላይ ከመሬት የሚያነሱት ግን ጂም ገብተው አያውቁም። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ከዳባትና ከደባርቅ ገጠር ያሉ እናቶቻችን ይህንን ጎንበስ ብለው አንስተው፣ በገመድ ጀርባቸው ላይ አስረው ዳገት ይወጣሉ፤ ማታ ደግሞ እንጨት አለ። ከዳባት ወረዳ ተጠንቶ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከባድ ሸክምን በቀን ለብዙ ሰዓት መሸከም ከማህፀን መውጣት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ይህ ሕመም በሐፍረት የሚደበቅ ነው። ለራስ ምታት ክኒን ብላ መጥታ፣ ሰው እስኪወጣ ጠብቃ ጆሮዬ ላይ ያንሾካሾከችልኝ እናት አንድ ብቻ አይደለችም። እህቶች፣ ይህ የሚታከም ነገር ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድረስ መሄድ ነውር የለበትም።

«ክብደት ማንሳት ለሴት አይገባም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ጀሪካኑን ማን እንደሚያነሳ ግን አይጠይቁም። ሴት ልጅ ማንሳቷ ካልቀረ አነሳሱን ብትማር፣ ጡንቻዋንም ቀስ በቀስ ብታጠነክር ይሻላል። ለዚህ ጂም አያስፈልጋትም፤ ግቢዋ ይበቃታል።

ሌሎቹ የገበያችን ጫኝና አውራጆች ናቸው። የእህል ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ ለአንድ አዋቂ ወንድ ሠራተኛ ሸክሙ ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ይመክራል። ከአንባቢዎቻችን መካከል የእህል መጋዘን ያላቸው ነጋዴዎች አሉ። ከእጃችን በታች ያሉትን ከአቅማቸው በላይ እንዳናዝዝ፣ ካዘዝንም እንድናግዛቸው የሚያስተምረውን ሐዲስ ከኔ በላይ ያውቁታል። ጆንያውን በሃምሳ ኪሎ ማሸግ ወይም ለአንድ ኩንታል ሁለት ሰው መመደብ የሚያስወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው። «እሱ እኮ ብቻውን ይሸከማል» ተብሎ የሚወደሰው ልጅ አርባ ዓመት ሳይሞላው በቡአና በወገብ ዲስክ ሲሰቃይ የሚያወድሰው የለም።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። ዲክሎፍናክ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ የተጎዳውን ቦታ አይጠግንም። ሕመም የአላህ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን አፍኖ በላዩ ላይ ክብደት መጨመር ጉዳቱን ያሰፋዋል። ሲደጋገም ደግሞ የጨጓራ ቁስለትና የኩላሊት ጉዳት ያመጣል። ከሱ የባሰው ዴክሳሜታዞን ነው። አንዳንድ ወጣቶችና ሙሽሮች «ያወፍራል» ተብለው ይውጡታል። ፊት የሚሞላው በስብና በውሃ ነው። መድኃኒቱ ጡንቻን ያቀልጣል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ ስኳርና ደም ግፊት ያስነሳል፤ ብዙ ቆይቶ በድንገት ማቆምም ለሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ የጀመረ ሰው ሐኪም ያማክር። ያለ ሐኪም የሚወሰድ የቴስቶስትሮን መርፌ ደግሞ የወንዱን ዘር ያደርቃል፤ ልጅ ለሚመኝ ወጣት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እነዚህን ያለ ማዘዣ የምንሸጥ የሙያ ባልደረቦቼም የምንጠየቅበት ቀን እንዳለ እናስብ።

ጡንቻ የሚሠራው ከማዕድ ነው። ለሚያነሳ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ72 እስከ 96 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ መቶ ግራም የሽሮ ዱቄት ወደ 20 ግራም ገደማ ይሰጣል። ምስርና ባቄላም ከሽሮው አይርቁም። በውድ የሚሸጠው ዱቄት ግዴታ አይደለም። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ርካሽ ነው ብላችሁ የጓያ ሽሮን የዕለት ምግብ አታድርጉ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው ከጓያ የተነሳ እግሩ ሽባ ሆኗል፤ ያ ሽባነት አይመለስም።

አነሳሱን ለማስረዳት ከሩኩዕ የቀረበ ምሳሌ የለኝም። ሶላት ዒባዳ እንጂ ስፖርት አለመሆኑ የታወቀ ነው፤ ቅርጹን ብቻ እዋሳለሁ። በትክክለኛ ሩኩዕ መቀመጫችን ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጀርባችን ይዘረጋል፣ አይጎብጥም። ክብደት ስናነሳም ጀርባችን እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ጉልበታችንን ማጠፋችን ነው። ዕቃው ከቅልጥማችን አጠገብ ይሁን። አየር ስበን ሆዳችንን እናጠንክርና መሬቱን በእግራችን እንግፋ፤ ትከሻና መቀመጫ እኩል ይነሱ። ባለንበት ወገብን መጠምዘዝ አይገባም፤ መዞር ካስፈለገ እግር ይዙር። ስናወርድም በዚያው መንገድ ነው። እርጉዝ፣ ደም ግፊት፣ ቡአ ወይም የማህፀን መውጣት ያለባቸው ሐኪም ሳያማክሩ እንዳይጀምሩ።

ብረት የሌለው ሁለት ጀሪካን ይያዝ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ የቤት ሚዛን አላውቅም። በእያንዳንዳቸው አምስት አምስት ሊትር ጨምሮ በግራና በቀኝ እጁ ይዞ አሥር ጊዜ ያንሳ፤ ዕረፍት ወስዶ እስከ ሦስት ዙር ይድገም። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂዎች ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴን ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ይመክራል። ከመጨረሻው ዙር በኋላ ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ማንሳት የሚችል ከመሰለው በሚቀጥለው ሳምንት አንድ አንድ ሊትር ይጨምር። ካልመሰለው እዚያው ይቆይ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኃይል የሚጨምረው በአብዛኛው ነርቭ ሥራውን ስለሚለምድ ነው። ጡንቻው ራሱ፣ ከሱም በላይ ጅማቱና አጥንቱ፣ ዘግይተው ይከተላሉ። «ቻልኩ» ብሎ የሚቸኩል ሰው የሚጎዳው በዚህ ክፍተት ነው።

በ2016 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ኤዲ ሆል በዴድሊፍት 500 ኪሎ፣ አምስት ኩንታል ማለት ነው፣ አነሳ። ወዲያው ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ከአፍንጫውም ደም ፈሰሰ። በ2020 እ.ኤ.አ. የአይስላንዱ ሐፍቶር ብዮርንሰን 501 አነሳ። አራት ዓመት ለአንድ ኪሎ! ለነሱ ሙያቸው ነው። የኛ ልጅ ግን ነገ ሱቅ መክፈት፣ ቁርኣን መቅራት፣ እናቱን መርዳት አለበት።

ለዚያ ወጣት መጨረሻ ላይ የሰጠሁት አንዲት ትንሽ ደብተር ነበረች። ቀኑን፣ ኪሎውን፣ ስንት ጊዜ እንዳነሳና ወገቡ ምን እንዳለው ይጽፍባታል። የጓደኛ ስም የሚጻፍበት መስመር የላትም። ሐኪሙ ሲፈቅድለት በ40 ኪሎ እንዲጀምር ነግሬዋለሁ። ረመዷን ሲገባ ደግሞ በጾም ሰዓት አያንሳ፤ ካፈጠረና ውሃ ከጠጣ በኋላ፣ ከተራዊሕ መልስ ቢያደርገው ይሻላል። ከለመደውም ኪሎ ዝቅ ብሎ ይሥራ፤ የጨመረውን ከዒድ በኋላ ይመለስበታል፣ ኢንሻአላህ።